ሰባት ጊዜ የተጫነው ፕሮግራም

የኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ጠባብ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይሠራል፤ ከመስታወቱ ወዲህ ባለጉዳዩ በአንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ጸጉራቸው ከሞላ ጎደል የነጣ፣ ቀጠን ያሉ ሰው አዲስ ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልለው እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ተቀምጠዋል። በእጃቸው የያዟት የተራ ወረቀት አርባ ሰባት ትላለች። ጠጋኙ ገና ሠላሳ ስምንትን መጥራቱ ነው።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በፕሮግራም ጽሕፈት የጨረሱ ናቸው። በሠሩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ታዲያ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ «አባ ደምስስ» ነበር የሚባሉት። ቅጽል ስሙ በከንቱ አልወጣላቸውም። ኮምፒውተር እምቢ ባላቸው ቁጥር መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ ያለውን ጠራርጎ ማጥፋትና ከዜሮ መጀመር። ፋይል አስቸገረ? ይደምሰስ። ፕሮግራም ተንገራገጨ? ይነቀልና እንደገና ይጫን። ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል፤ ስለሚሳካላቸውም ለምን እንደተሳካ ጠይቀው አያውቁም። የሚሳካ ስህተት ደግሞ ለመተው ያስቸግራል።

ዛሬ ግን መድኃኒታቸው አልሠራም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በአንድ የዓይን ክሊኒክ የሕመምተኞችን ተራ የሚመራው እሳቸውና አንድ ባልንጀራቸው አብረው የጻፉት ፕሮግራም ነው። ክሊኒኩ በቅርቡ ሁለተኛ የምርመራ ክፍል ሲከፍት ፕሮግራሙ ተራ ያምታታ ጀመር፤ ለቀዶ ሕክምና የመጣውን ሰው፣ መነጽር ሊለካ በመጣው ሰው ወረፋ ውስጥ ይከተዋል። ዋና ነርሷ በትሕትና ግን ቁርጥ አድርጋ «ጋሼ፣ እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ በሌላ እንተካዋለን» አለቻቸው። ማረሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የድሮው ኮምፒውተራቸው በዚያው ሳምንት ድርቅ ብሎ ቀረ። አዲስ ገዙ። የክሊኒኩን ፕሮግራም ከፍተው የሚያርሙበትን ሶፍትዌር ጫኑበት። ተጫነ። ሲከፍቱት ምልክቱ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ነቀሉት፤ ጫኑት። ብቅ ይላል፤ ይጠፋል። ይህን ሰባት ጊዜ አደረጉ።

ክሊኒኩ ሌላ ካስገባ ከሁለቱ ባልንጀሮች የጋራ ድካም የሚቀር አንድም ነገር የለም። አባ ደምስስ ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ እንቅልፍ የነሳቸው ግን ይኸው ነበር።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቁኝም መሰለኝ።»

ቀና ሲሉ ከጎናቸው አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ለጥገና የሰጠችውን ቻርጀር ልትወስድ መጥታ ተራ የምትጠብቅ ናት። ፊቷን አላወቁትም። ቅንድቧን ግን አወቁት፤ የባልንጀራቸው ቅንድብ ነው።

«የሱ ልጅ ነሽ» አሉ።

«አዎ፣ የመጨረሻዋ። ቢሮአችሁ ስመጣ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር።»

«አስታወስኩሽ። አድገሽ የለም እንዴ።» ባልንጀራቸው ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። የሞቱን ወሬ እንደሰሙ እስከ ሰፈሩ ድረስ ሄደው፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ከሩቅ አይተው ነበር የተመለሱት። «እናትሽን… መጥቼ ማጽናናት ነበረብኝ። አልመጣሁም። ይቅር በሉኝ።»

«እግዜር ያጽናን ጋሼ» አለች እንጂ ለምን ቀሩ አላለችም። ባትጠይቃቸው ይበልጥ አፈሩ። እሷም ማፈራቸውን ስላየች ወሬውን ወደ ላፕቶፑ አዞረችው። «ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

አባ ደምስስ የሆነውን ሁሉ፣ ሐሙስ የምትባለዋን ቀን ጭምር ነገሯት። ንግግራቸውን የደመደሙት ግን እንዲህ ብለው ነው፤ «ሲሠሩት ያበላሹት ዕቃ ነው። እዚህ መርምረው ይመስክሩልኝና ሻጩ ይቀይርልኛል።»

«ሌላው ነገር ሁሉ ይሠራል?»

«ሌላውማ ይሠራል።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን አጠፋ?»

ይህች ልጅ ዓይኗን በጨው አጥባ ትከራከረኛለች ብለው ቅር አላቸው። እሷም በዚሁ ሙያ የሠለጠነች መሆኗን ሲሰሙ ደግሞ ይባስ አኮረፉ።

«ሲዘጋ ምን ይላል ጋሼ?»

«ምንም አይልም።»

«አንድም ቃል?»

«መጀመሪያ ቀን ትእዛዝ በሚጻፍበት በጥቁሩ መስኮት በኩል ልከፍተው ስሞክር ረጅም ነገር ጽፎ አሳየኝ። ዘጋሁት።»

«ምን ይል ነበር?»

«ልጄ፣ እሱ የሚጻፈው ለሠሪዎቹ ነው። ለእኔና ላንቺ አይደለም።»

አንባቢ ሆይ፣ በእኚህ ሰው ለመሳቅ አትቸኩል። ኮምፒውተሩ ያመመውን ሲናገር ሳናነብ «እሺ» የምትለዋን ተጭነን የምናሰናብተው ስንቶቻችን ነን? ካሰናበትነው በኋላ ደግሞ አይናገርም ብለን እናማዋለን።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልበል» አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ፕሮግራማችሁ የሚሠራበት ክሊኒክ አንድ ሕመምተኛ ይመጣል እንበል። እዚህ ጋ ያመኛል ሊል አፉን ሲከፍት ሐኪሟ ዝም በል ብላ መነጽር ታቀብለዋለች። አልታየኝም ብሎ ሲመለስ አሁንም ዝም በል ብላ ያንኑ መነጽር ታቀብለዋለች። ምን ይሏታል?»

«ሰውና ዕቃ ምን አገናኘው?»

«ዕቃው እንኳን የሚያመውን ይናገራል ማለቴ ነው።»

«ስሚኝ የኔ ልጅ፤ እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ። እናንተ አሁን በትምህርት ቤት የምትማሩት ሁሉ እኔ በእጄ የለመድኩት ነው። የተበላሸ ነገር ምኑ ይመረመራል? ይነሳና በአዲስ ይተካል፤ በቃ። ንጹሕ ጅምር የመሰለ ነገር የለም።»

«ንጹሕ ጅምር እኔም አልጠላም። ግን ሲነቅሉት የሚጠፋው ብልሽቱ ብቻ ከሆነ አይደል? የብልሽቱ ዱካ አብሮ ይጠፋል። ስምንተኛውን ሲጀምሩ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ የሚያውቁት ነገር አይኖርም።»

«ጊዜ የለኝም» አሉ አባ ደምስስ። «እስከ ሐሙስ ነው ያለኝ። ቁጭ ብዬ የኮምፒውተር ድርሰት ላንብብ?»

«አንዱ ጭነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«እንግዲህ ሰባት ጊዜ…»

«ገባኝ፤ ገባኝ። አታስቢልኝ።»

ጠጋኙ አርባን ጠራ። ልጅቱ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፤ «አርባ ሰባት እስኪደርስ ያደረጉትን ሁሉ አንድ በአንድ ይንገሩኝ፤ እኔ ልጻፍ። ካልጠቀመ ወረቀት ነው፤ ይጣላል» አለች። ከዚያም መጻፍ ከመጀመሯ በፊት የገጹን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል አጥፋ በጥፍሯ ተጫነችው። አባቷ ሲጽፍ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ የታጠፈው ጠርዝ ኋላ ለሚመጣ ሐሳብ የሚተው ቦታ ነው። አባ ደምስስ ዓይናቸውን ወደ መስታወቱ መለሱ።

የሁለቱ ባልንጀሮች ጠብ የተነሳው በዚሁ በደብተር ነገር ነበረና። ባልንጀራቸው እያንዳንዱን ሥራ በጽሑፍ ካላሰፈረ አይተኛም፤ ይህን ቀየርን፣ በዚህ ምክንያት፣ በዚህ ቀን። አንድ ቀን «አንተም ጻፍ፤ አለበለዚያ አንዳችን የለን ቀን ሌላችን እንቸገራለን» ቢላቸው አባ ደምስስ በሰው ፊት «ወረቀት የሚያስፈልገው ሥራውን ለማያውቅ ነው» ብለው አሳቁበት። ባልንጀራቸው ደብተሩን ዘግቶ ተነሳ። በወሩ አስተማሪነት አግኝቶ ቢሮውን ለቀቀ። ከመሄዱ በፊት ኮምፒውተራቸውን እንዳዲስ አሰናድቶ፣ የሶፍትዌሩን ማስተካከያዎች፣ ማለትም ሲከፈት ምን እንዲያደርግ የሚያዝዘውን ፋይል፣ በአንዲት ፍላሽ ላይ ገልብጦ «ቢቸግርህ» ብሎ ሰጣቸው። ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ፍላሿ ዛሬም ከቁልፋቸው ጋር ተንጠልጥላለች።

«መጀመሪያ ምን አደረጉ?»

«ሶፍትዌሩን ከድረ ገጹ አወረድኩ።»

«ቀጥሎ?»

«ጫንኩት። ቦታውን ራሱ መርጦ ነው የተጫነው፤ አልነካሁትም።»

«ቀጥሎ?»

«ከፈትኩት። እምቢ አለ።»

«በመጫንና በመክፈት መሃል ምንም አላደረጉም?»

«ምንም። ማስተካከያዬን ከፍላሿ መለስኩ እንጂ።»

ብዕሯ ቆመ። «እሱን አልነገሩኝም እኮ።»

«እሱ ምኑ ይነገራል? ቤት ስገባ ጫማዬን እንደማውለቅ ነው። በጫንኩ ቁጥር እመልሰዋለሁ።»

«ሰባቱንም ጊዜ?»

«ሰባቱንም ጊዜ» አሉና ወደ ደብተሩ ጎንበስ አሉ። ሰው ያደረገውን ሲያስብና ያደረገው ተጽፎ ሲያየው አንድ አይደለም። በሐሳባቸው ውስጥ የማይቆጠረው ያ ትንሽ ነገር በልጅቱ ደብተር ላይ አራተኛ ተራ ይዞ ቁጭ ብሏል። ንጹሕ ጅምር የሚሉት ነገር አንድም ቀን ንጹሕ አልነበረም፤ በሽታውን በገዛ እጃቸው እየመለሱ ሲያስገቡት ነው የከረሙት።

«ሊሆን አይችልም» አሉ። «በድሮው ኮምፒውተር ላይ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ። ሲሠራ ነው የኖረው።»

«ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እኔም አላውቅም። አንገምት ጋሼ፣ እንጠይቀው።»

ፎጣው ተፈታ፤ ላፕቶፑ ጉልበታቸው ላይ ተከፈተ። ልጅቱ እጇን አላስቀደመችም፤ ጥቁሩን መስኮት ራሳቸው እንዲከፍቱ፣ የሶፍትዌሩን ስም ራሳቸው እንዲጽፉ ነገረቻቸው። ጻፉ። አራት መስመር ወጣ። ጣታቸው በልማድ ሊዘጋው ተንቀሳቀሰና በልጅቱ ፊት አፍረው ተዉት። እንደ ፊደል ቆጣሪ ቀስ እያሉ አነበቡ፤ ሊከፍተው የታዘዘውን ፋይል አላገኘሁትም ይላል። ፋይሉ አለበት የተባለውም ቦታ ተጽፏል።

«ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው የሚለው» አሉ። «ሁለተኛ ዲስክ ያለው የድሮው ኮምፒውተሬ ነው። ይሄኛውማ አንድ ብቻ ነው ያለው።»

«ይዩት እንግዲህ። ለእርስዎ ነበር የሚናገረው።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። ጠጋኙ አርባ አራትን ጠራ። አባ ደምስስ ፈጠን ብለው የማስተካከያውን ፋይል ፈልገው አገኙት፤ «በይ እንግዲህ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። ልደምስሰው» አሉና ጣታቸውን ማጥፊያዋ ቁልፍ ላይ አሳረፉ።

«አይደምስሱት።»

«ራስሽ አይደለሽም እንዴ በሽታው ይሄ ነው ያልሽኝ?»

«አንድ መስመሩ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው የሚጠቅምዎት ቢሆንስ? አንዴ ከፍተው ያንብቡት። ከዚያ አንዷን ነገር ብቻ ይቀይሩና ይሞክሩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንዳዳነዎት አያውቁም። አንብበው ከጨረሱ በኋላ ልደምስሰው ካሉ እኔም አልከራከርዎትም።»

ለክብሯ ሲሉ ከፈቱት። ዘጠኝ ዓመት ከቁልፋቸው ጋር ሲያንጠለጥሉት የኖሩትን ፋይል ከፍተው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። አብዛኛው ትእዛዝ ነው። ከመጨረሻው ትእዛዝ በላይ ግን ኮምፒውተሩ ዘሎ የሚያልፋቸው፣ ለሰው ዓይን ብቻ የሚጻፉ ሦስት መስመሮች አሉ። በራሳችን ፊደል ነው የተጻፉት።

«ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ለዚህ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ፊደላችን እንዳይሰባበር በሁለተኛው ዲስክ ያስቀመጥኳትን ረዳት ፕሮግራም ይጠራል።»

«ኮምፒውተር ስትቀይር አጥፋው፤ ካላጠፋኸው ሶፍትዌሩ አይከፈትም።»

«እንደማታነበው አውቃለሁ። ካነበብከው ግን ደውልልኝ። ተቀይሜህ አይደለም የሄድኩት።»

አባ ደምስስ አንዴ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በፎጣው ጠረጉና ደግመው አነበቡት። ልጅቱም ከጎናቸው ሆና አንብባዋለች፤ የአባቷን አጻጻፍ ካየች ቆይታለች።

«ይደውልልዎት ነበር» አለች። «በተለይ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ። አያነሳም፣ ሥራ ላይ ይሆናል ይለን ነበር።»

«እኔ የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም።»

«የአባዬን ቁጥር አያውቁትም ነበር?»

ይህን ጥያቄ በክፋት አልጠየቀችም፤ እውነት ስላልገባት ነው። እሳቸው ግን ሊዋሹ አልቻሉም። «ቢሮውን የለቀቀ ዕለት ደመሰስኩት» አሉ። «ተናድጄ ነበር። ጥሎኝ ሄደ ብዬ ሆድ ብሶኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬ ላይ ስም የሌለው ቁጥር ይመጣል፤ ደጋግሞ ይመጣል። የሆነ ዕቃ ሻጭ ነው እያልኩ እዘጋዋለሁ። ማን ነው ብዬ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩም።» አንገታቸውን ደፉ። «እንዲህ ነኝ እኔ ልጄ። የሚናገረኝን ነገር ሳልሰማ እዘጋለሁ። ኮምፒውተሩን ብቻ አይደለም።»

ልጅቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ልትገሥጻቸው ምክንያት ነበራት፤ አልገሠጸቻቸውም። «ትእዛዙን ያጥፉት ጋሼ» አለች። «አባዬ እንዳለው ያድርጉ። ሦስቱን ግን ይተዉዋቸው።»

አንዲቷን መስመር አጠፉ። ሶፍትዌሩን ከፈቱ። ምልክቱ ብቅ አለ፤ እንደ ልማዱ ሊጠፋ ነው ብለው ጠበቁ። አልጠፋም። የሥራ ገጹ ተዘረጋ፤ ከክሊኒኩ በፍላሿ ገልብጠው ያመጡትን ፕሮግራምም አንዱን ፊደል ሳይሰባብር ከፈተላቸው። ከሳምንት ጭንቀት በኋላ ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ደስ አላላቸውም፤ መልሱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«አርባ ሰባት» አለ ጠጋኙ። «ጋሼ፣ ምን ሆነብዎት?»

«ምንም አልሆነ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ወረቀቷን መለሱለት።

ከመለያየታቸው በፊት ልጅቱ ገጿን ከደብተሯ ገንጥላ ሰጠቻቸው። አባ ደምስስ የታጠፈውን ጠርዝ በጣታቸው እያሻሹ «አባትሽ ይህንን ስንት ጊዜ ነገረኝ መሰለሽ» አሉ። «ሥራውን ለማያውቅ ነው እል ነበር። ለካስ የሚጻፈው ለሚረሳ ሰው ነው። ለሚቀርም ሰው።» ከዚያ ትንሽ አንገራገሩና «የሱን ቁጥር ትሰጪኛለሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ አሁን የምይዘው» አለች። «እንዳይዘጋ ብዬ።»

ቁጥሩን ከነስሙ መዘገቡት።

የክሊኒኩ ፕሮግራም ረቡዕ ሳይመሽ ታረመ፤ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ክፍሎች ተራቸውን ሳያምታቱ ሕመምተኛ ተቀበሉ። አባ ደምስስ ግን በዚያ አላበቁም። አንድ ደብተር ገዝተው ፕሮግራሙ በምን እንደሚከፈት፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ምን እንደቀየሩና ለምን እንደቀየሩ ጽፈው ለዋና ነርሷ አስረከቡ። ነርሷ ገልጣ አየችና «ጋሼ፣ ይህ ከሆነስ እርስዎ ባይኖሩም ሌላ ሰው ሊጠግነው ይችላል ማለት ነው፤ መቀየሩን እንተወዋለን» አለቻቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ባይኖሩም ስትላቸው በተቀየሙ ነበር። ያን ቀን ግን ልባቸው አረፈ። ሳያነቡ የማይዘጉ፣ ሳይጽፉ የማይቀይሩ ሰዎች የሠሩት ነገር ከእነሱ በኋላም የሚያገለግለው በዚህ መንገድ ነው። የሚቆጥቡት ሰዓት ብዙ ነው፤ ሰዓቱ ግን ከሚያተርፉት ሁሉ ትንሹ ነው። በማስተካከያው ፋይል ላይም ከሦስቱ መስመሮች ሥር ቀኑን አስፍረው አራተኛ ጨምረዋል፤ «አጠፋሁት። ተከፈተ።»

ከክሊኒኩ ሲወጡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን አወጡ። የባልንጀራቸው ስም መስኮቱ ላይ በራ። ሁለቴ ጠራና ተነሳ።

«አቤት ጋሼ።»

«ልጄ፣ ዛሬ የደወልኩት ላንቺ አይደለም። ትፈቅጅልኛለሽ?»

ልጅቱ ገባት። ስልኩን አልዘጋችም።

«አነበብኩት» አሉ። «ደውልልኝ ብለኸኝ ነበር፤ ይኸው ደወልኩ። ፕሮግራማችን ይሠራል። ደብተሩንም ጽፌዋለሁ፤ ጠርዙን አጥፌ።» ሌላም የሚሉት ነበራቸው፤ እንደምንም ጨረሱት። «ያኔ በሰው ፊት ያሳቅሁብህ… ደውለህ ሳላነሳ የቀረሁት… ይቅር በለኝ።»

በወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ የሚሰማው የልጅቱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። አባ ደምስስ እስክትዘጋው ጠበቁ። እሷም እሳቸው እስኪዘጉት ትጠብቅ ነበር።